ወንድምሽን ለማስነሳት ብለሽ አትሂጂ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዕድሜዬ 26 ነው። በፊዚዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ የቀን ሥራ ከሚሠራበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። አሁን አሜሪካ በነርቭ ሳይንስ ፒኤችዲ እንድማር ሙሉ ወጪዬን ችለው ተቀብለውኛል። ልገባበት ያሰብኩት ላቦራቶሪም (ላብ) የሚሠራው በህብለ ሰረሰር ጉዳት ላይ ነው። ለወንድሜ ‹ተምሬ መጥቼ አስነሳሃለሁ› ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። እናቴ ይህን እንደ ስለት ይዛዋለች። እስከዚያው ደግሞ ውጭ አገር ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል) የሚወጉበት ክሊኒክ አለ ብለዋት መሬቷን ልትሸጥ እያሰበች ነው። አጎቴ ‹ስድስት ዓመት አይጥ ስትወጊ ከምትኖሪ ነርሲንግ ተምረሽ ቶሎ ብር ላኪ› ይለኛል። ልሂድ? ስንት ዓመት ይፈጃል? የወንድሜን የኤምአርአይ ፊልም ይዤ ብሄድስ ፕሮፌሰሩ ያይልኛል? ቃል የገባችው፣ ከባሕር ዳር»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። እኔ ራሴ ከአሥር ዓመት በላይ የተጎዳ ነርቭ ላይ ስሠራ ስለኖርኩ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብሽም። መሄዱን ሂጂ። ወንድሜን አስነሳበታለሁ ብለሽ ግን አትሂጂ። ሻንጣሽን ከመዝጋትሽ በፊት ያንን ቃል መልሰሽ ውሰጂው።

ጨካኝ መስዬ ታይቼሽ ይሆናል። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የዚህን ሥራ ፍጥነት እወቂው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። ዙሪክ ውስጥ ማርቲን ሽዋብ የሚባል ተመራማሪ አለ። በ1988 እሱና ባልደረባው ትልቅ ነገር አሳዩ። በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ማይሊን ላይ፣ ተቆርጦ እንደገና ሊያድግ የሚሞክረውን ክር «በዚህ አታልፍም» የሚሉ ፕሮቲኖች አሉ። እነሱን በፀረ እንግዳ አካል ብታፍኛቸው ክሩ ማደግ ይጀምራል። በኋላ ዋናው ፕሮቲን ኖጎ ተባለ። አይጥ ላይ ተሞከረ፣ ጦጣ ላይ ተሞከረ፣ ከዚያ ሰው ላይ። አንገታቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የገቡበት የአውሮፓ ጥናት ውጤት የወጣው በ2024 መጨረሻ ነው። ዋናውን ግቡን አልመታም። ጉዳታቸው ሙሉ ባልሆነ፣ ማለትም ከጉዳቱ በታች ጥቂት ስሜት ወይም እንቅስቃሴ በቀረላቸው ሰዎች ላይ ግን ተስፋ የሚሰጥ ምልክት ታይቷል። እስቲ ቁጠሪው፣ 36 ዓመት። ያ ሥራ ሲጀመር የተወለደ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ጥናቱም የተቀበለው ከተጎዱ ገና አንድ ወር ያልሞላቸውን እንጂ እንደ ወንድምሽ ሁለት ዓመት ያለፋቸውን አልነበረም።

ሽዋብ አልተሳካለትም እያልኩሽ አይደለም። ሥራው በደንብ ሲሠራ እንኳ የሚሄደው በዚህ ፍጥነት ነው።

የእጅና የእግር ነርቭ ሌላ ነው። እሱ ሲቆረጥ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ ይመለሳል። ብብቱ አካባቢ ነርቭ የተጎዳበት ሰው ጣቱ እስኪሰማው ከዓመት በላይ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው ግን ትንሽ ይሞክርና ያቆማል። ይህን ስፔናዊው የነርቭ ተመራማሪ ካሃል ከመቶ ዓመት በፊት አይቶታል። በ1981 ደግሞ ሞንትሪያል ላይ የአልበርት አጉዋዮ ላብ ከአይጥ እግር ቁራጭ ነርቭ ወስዶ በአንጎል ግንድና በህብለ ሰረሰር መካከል እንደ ድልድይ ቢያስገባው፣ የማያድጉ የተባሉት ክሮች በዚያ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አደጉ። ማደግ አቅቷቸው ሳይሆን የሚያሳድግ ቦታ አጥተው ነበር ማለት ነው። ይህን ያህሉን ለማወቅ ነው ስንት ሰው ዕድሜውን የሰጠው።

ታዲያ ለምን ሂጂ እልሻለሁ? ጥያቄው አንዴ ከገባብሽ ስለማይለቅሽ ነው። ለኔ የገባብኝን ልንገርሽ።

በ1850 ኦገስተስ ዎለር የሚባል እንግሊዛዊ የእንቁራሪት ምላስ ነርቭ ቆረጠና ከተቆረጠው በታች ያለው ክር ሲበጣጠስ አየ። ከዚያ ለ140 ዓመት ገደማ ብዙ ሰው የተረዳው እንዲህ ነበር፤ ክሩ ከሴሉ የሚመጣለት ምግብ ስለተቋረጠበት፣ ከዛፍ እንደተቆረጠ ቅርንጫፍ ደርቆ ይሞታል። በ1989 ኦክስፎርድ ላይ ተመራማሪዎች በአጋጣሚ አንድ ለየት ያለ የአይጥ ዝርያ አገኙ። በሌላ አይጥ በሁለት ቀን ውስጥ የሚበጣጠሰው የተቆረጠ ነርቭ፣ በእነዚህ አይጦች ለሳምንታት ደህና ሆኖ ቆየ። ምግብ የለውም፣ ግን አልሞተም። ለምን? መልሱ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። በ2012 ከፍራፍሬ ዝንብ በተጀመረ ፍለጋ ሳርም1 የሚባል ጂን ተገኘ። ያ ጂን የሌላት አይጥ ነርቭ ቢቆረጥም ቶሎ አይበጣጠስም። በ2017 ደግሞ ሴንት ሉዊስ ያሉ ተመራማሪዎች ሳርም1 የሚሠራውን አሳዩ። ክሩ ኃይል ለማምረት የግድ የሚያስፈልገውን ናድ የተባለ ሞለኪውል ይበላበታል።

ገባሽ? ክሩ ዝም ብሎ አይሞትም። ራሱን ይገድላል። ራሱን ሊገድል የተነሳን ደግሞ እጁን መያዝ ይቻላል።

ዛሬ የመድኃኒት ኩባንያዎች ሳርም1ን የሚያግድ መድኃኒት እየፈለጉ ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺም ይህን ስታነቢ ውስጥሽ የሆነ ነገር ከተነሳ፣ ስለ ወንድምሽ ሳታስቢ ለራሱ ለነገሩ ብለሽ «ከዚያስ?» ካልሽ፣ ለዚያ ሂጂ። ካልተነሳ ግን ስድስት ዓመቱ በጣም ረጅም ነው።

አሁን ወደ አጎትሽ አይጥ ልምጣ። ህብለ ሰረሰሯ የተጎዳ አይጥ በራሷ መሽናት አትችልም። ስለዚህ ሰው ያሸናታል። ጠዋትና ማታ፣ መጀመሪያ ሰሞን በቀን ሦስቴ፣ እሑድም ቢሆን ፋሲካም ቢሆን። በአንድ እጅሽ ደረቷን ታቅፊያታለሽ፣ በሌላው ጣቶችሽ ከሆዷ ሥር ትዳብሻለሽ። የሞላ ፊኛ እንደ ወይን ፍሬ ድቡልቡል ሆኖ ይገኝሻል። ቀስ ብለሽ ወደ ጅራቷ በኩል ትጫኚዋለሽ። ካበዛሽው ፊኛው ይፈነዳል፣ ከተውሽው ኩላሊቷ ይጎዳል። ሞቅ ያለው ሽንት ሶፍቱ ላይ ሲወርድ ቀለሙን ታያለሽ፣ ደም ካለበት ትጽፊያለሽ። እኔ የመጀመሪያውን ወር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ልቧ በመዳፌ ላይ ሲመታ እየተሰማኝ በስም መጥራት ጀመርኩ። የእንስሳት ሥራ ላንቺ ይሁን አይሁን ከመሄድሽ በፊት ከራስሽ ጋር ተነጋገሪ። አልችልም ካልሽ ነውር የለውም፣ በሴል፣ በዝንብ፣ በኮምፒውተር የሚሠሩ ላቦች አሉ። ወንድምሽን ካቴተር የምታደርጊለት አንቺ ከሆንሽ ግን ከእኔ የተሻለ እጅ ይኖርሻል ብዬ አስባለሁ።

ከአይጡ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። ነርቭን ከጉዳት የሚያድን መድኃኒት ፍለጋ የተሞላው በውድቀት ነው። በስትሮክ ብቻ እስከ 2006 ድረስ የተሞከሩትን አንድ ቡድን ቢቆጥራቸው 1,026 ሆኑ። አይጥ ላይ ድንቅ የሠሩ ብዙ ነበሩ። ኤንኤክስዋይ-059 የተባለው በ2006 መጀመሪያ ሰው ላይም የሠራ መሰለ፤ በ2007 ከ3,300 በላይ ሕመምተኞች በገቡበት ጥናት ሲታይ ምንም አልረዳም። ለህብለ ሰረሰር ጉዳት ደግሞ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ በ1990 በትልቅ ተስፋ መጣ፣ በየሆስፒታሉ ይሰጥ ጀመር። በ2013 የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ አትስጡት አለ። ጥቅሙ አልተረጋገጠም፣ ጉዳት ግን አለው።

የራሴን ልንገርሽ። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ አንድ መድኃኒት 14 ወር ስሞክር ቆየሁ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ከጉዳቱ በታች አረንጓዴ የሚያበሩ ቀጫጭን ክሮች አሉ። አድገዋል! እናቴ ዘንድ ሁሉ ደወልኩ፣ እልል አለች። በሳምንቱ አንዲት የላብ ጓደኛዬ ስላይዶቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ በፕላስተር ሸፈነችና «አሁን የትኛዋ አይጥ መድኃኒት እንደወሰደች ሳታውቂ ቁጠሪ» አለችኝ። ቆጠርኩ። ልዩነት የለም። ያደጉ የመሰሉኝ ክሮች ከመጀመሪያውም ሳይቆረጡ የተረፉ ነበሩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ግን አስቢው፣ እሷ ባትሸፍነው ኖሮ ያንን ልናሳትመው እንችል ነበር። የሆነች እናት ስለ እሱ ሰምታ መሬት ልትሸጥ ትችል ነበር።

ቃሉን መልሺ የምልሽ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። እኔ የቆጠርኩት ለዲግሪዬ ስል ብቻ ነበር፣ እሱ እንኳ ዓይኔን አሳወረኝ። አንቺ ወንድምሽን እያሰብሽ ማይክሮስኮፕ ላይ ብትቀመጪ ያልበቀለውን ክር ታዪዋለሽ። ወይም ደግሞ ውጤቱ ባዶ በወጣ ቁጥር ወንድምሽን የቀበርሽው ይመስልሻል። በዚህ ሥራ ከአሥር ሙከራ ብዙው ባዶ ነው የሚወጣው። በየወሩ ወንድሟን እየቀበረች ስድስት ዓመት የምትቆይ ሰው የለችም።

ለእሱም አስቢለት። «እህቴ እስክትመጣ» ብሎ የተቀመጠ ልጅ ትምህርት አይጀምርም፣ ሙያ አይይዝም፣ ዊልቸሩንም የኔ ነው ብሎ አይቀበለውም። ጊዜያዊ ነዋ! እሱ ምን እንደሚፈልግስ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ኪም አንደርሰን የምትባል ተመራማሪ አለች፣ ራሷ ህብለ ሰረሰሯ የተጎዳ ሰው ናት። በ2004 ያሳተመችው ጥናት 680 ያህል እንደ እሷ የተጎዱ ሰዎችን የትኛው ነገር ቢመለስላችሁ ኑሯችሁ ይበልጥ ይሻሻላል ብሎ የጠየቀ ነው። አንገታቸው ላይ የተጎዱት ከሁሉ በፊት እጃችን አሉ። እንደ ወንድምሽ እጃቸው ደህና የሆነው ደግሞ በብዛት የፆታ ሕይወታችን አሉ። ሽንትና ሰገራን መቆጣጠርም ከላይ ነበር። መራመድ አንደኛ አልወጣም። ስንቶቻችን ተመራማሪዎች ግን ለዓመታት የአይጧን እርምጃ ብቻ ስንቆጥር ኖርን። ወንድምሽ ወጣት ወንድ ነው፣ እነዚህን ነገሮች ላንቺ ማውራት ያፍር ይሆናል። የሚያምነው ወንድ ሐኪም ወይም ጓደኛ ካለ በእሱ በኩል ይሁን።

ስትነግሪው እናትሽ በሌለችበት አድርጊው። «አስነሳሃለሁ ያልኩህ ስለምወድህ ነው፣ ግን እኔ ልይዘው የምችለው ቃል አይደለም። የምሄደው ነርቭ እንዴት እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚድን ማወቅ ስለምፈልግ ነው። አንተ ግን እኔን አትጠብቅ» በዪው። ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። ቃል ማጠፍ አገራችን ውስጥ ከባድ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ብታጥፊው እያየሽው ነው፣ በስድስተኛው ዓመት ግን በስልክ ነው የሚሆነው።

የእናትሽ መሬት አይሸጥ። በደንቡ በሚካሄድ የሕክምና ሙከራ ውስጥ የሚገባ ሰው ለሚሞከርበት ነገር አይከፍልም። ብር ተቀብሎ «ስቴም ሴል ወግቼ አስነሳለሁ» የሚል ክሊኒክ ያልተረጋገጠ ነገር እየሸጠ ነው። ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ለዩኒቨርሲቲው መልስ ከመስጠትሽ በፊት እሱ ይቅደም። ገንዘብ ካለ ጥሩ ዊልቸርና የሚመጥን ትራስ ይገዛበት። ወንድምሽን የሚያሰጋው የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ሲተኛ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፣ ሲቀመጥ በክንዱ ተደግፎ ቂጡን ቶሎ ቶሎ ከፍ ያድርግ፣ ቆዳው በየቀኑ ይታይ።

አጎትሽን አትጣይው። ነርሲንግ ትልቅ ሙያ ነው፣ ስለ ብሩም እውነቱን ነው። አሜሪካ የነርቭ ሳይንስ ፒኤችዲ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ትምህርቱን አትከፍዪም፣ የሚሰጥሽ ስታይፔንድ (የኑሮ ድጎማ) ግን የኪራይና የምግብ ነው፤ ወደ ቤት የምትልኪው ትንሽ ነው የሚሆነው። ከዚያ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ በሌላ ሰው ላብ የሚሠራ ጊዜያዊ የተመራማሪ ሥራ) አለ፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም በ2024 ለጀማሪ ፖስትዶክ ያስቀመጠው በዓመት 61,008 ዶላር ነበር። ከዚያ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ፕሮፌሰር ሆነው የራሳቸውን ላብ ይከፍታሉ፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ግራንት (የምርምር ገንዘብ) የሚያገኙትም አብዛኞቹ 40 ካለፋቸው በኋላ ነው። ሌሎቹ ኩባንያ ይገባሉ፣ ያስተምራሉ፣ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ። ቤታችሁ የሚበላው በአንቺ ደሞዝ ከሆነና ሌላ የሚሸከም ከሌለ፣ አጎትሽ ያለውን ቁጭ ብለሽ አስቢበት። ወንድም እህት ካለሽ ግን ማን ስንት እንደሚያዋጣ ከመሄድሽ በፊት ተነጋገሩ።

አንድ ላብ ላይ ብቻ ልብሽን አትጣይ። አብዛኛው ፕሮግራም በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ላብ እየዞርሽ እንድትሞክሪ ያደርጋል፣ ተጠቀሚበት። ፕሮፌሰሩ የማይኖርበት ስልክ ላይ ተማሪዎቹን አናግሪ። ያለፉት አምስት ተማሪዎች የት ደረሱ? ውጤት ባዶ ሲወጣ ምን ይላል? ይህችን ሁለተኛዋን አትርሺያት። «ዝም ይላል» ወይም «እንደገና ሥሩ ይላል» ብለው ፊታቸው ከተለወጠ ሌላ ላብ ፈልጊ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ የሚጠብቁት እስከ አፕሪል 15 ነው፣ ሚያዝያ 7 ማለት ነው። ከዚያ በፊት ፈርሚ ብለው ቢያስቸኩሉሽ ጊዜ ስጡኝ ማለት መብትሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህ ከልቤ ነው። የነርቭ ጉዳት ማለት የአሜሪካ አይጥ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከናንተ ከተማ ሐይቁን ተሻግሮ ደምቢያ አለ። በፈረንጅ በ1976 እና በ1977 እዚያ ብዙ ገበሬ እግሩ ተሳሰረ፣ «ጓያ ሰበረው» ይባላል። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ግሉታሜት የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ ይመስልና እንቅስቃሴ የሚያዙትን ነርቮች ከመጠን በላይ እየቀሰቀሰ ይገድላቸዋል። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይጠፋል፣ ጓያ ይተርፋል፣ ድሃው እሱን ይበላል። ይህን በሽታ መንደር ለመንደር እየዞሩ ካጠኑት ዋነኛው የአዲስ አበባው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። በ1970 የተቋቋመው የአዲስ አበባው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም የተጀመረው ለሥጋ ደዌ ነው፣ ሥጋ ደዌ ደግሞ ባክቴሪያው የእጅና የእግር ነርቭን አቅፈው የሚይዙት ሴሎች ውስጥ ገብቶ ነርቭ የሚያበላሽ በሽታ ነው። ተመልሰሽ ብትመጪ እዚህ ሥራ አለ። ዕቃ የለም ብለሽ ደግሞ አትፍሪ። አይሁዳዊቷ ጣሊያናዊት ተመራማሪ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ በ1938 የጣሊያን የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ሲያስወጣት መኝታ ቤቷ ውስጥ የስፌት መርፌ ስላ የዶሮ እንቁላል ውስጥ ያለውን የጽንስ ነርቭ አጠናች። ከዚያ አሜሪካ ሄዳ ነርቭን በሕይወት የሚያቆየውን ፕሮቲን አገኘች፣ በ1986 ኖቤል ተሸለመችበት።

የኤምአርአይ ፊልሙን ግን አትውሰጂው። ፕሮፌሰሩ ብዙውን ጊዜ ሐኪም አይደለም፣ ቢያየውም የሚጨምርልሽ ነገር የለም፣ አንቺን ግን የመጀመሪያውን ቀን እህት አድርጎ ነው የሚያይሽ፣ ተማሪ አድርጎ አይደለም። ፊልሙ የሚያስፈልገው እዚያው ወንድምሽ ጋ ነው። ትኩሳት ይዞት ወይም ቁስል ወጥቶበት ሌሊት ሆስፒታል ሲወሰድ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። በፌስታል ጠቅልላችሁ ከአልጋው ራስጌ ስቀሉት፣ ጉዳቱ የትኛው አጥንት ላይ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉበት።